ሬዲዮማስተር ቲኤክስ16ኤስ በኤጅቲኤክስ፦ አውሮፕላኑን ገራም የሚያደርጉት ማስተካከያዎች

ቲኤክስ16ኤስ ሞዴል አውሮፕላን ለማብረር ጥሩ ሪሞት ነው። ግን ከሳጥኑ ወጥቶ ከአውሮፕላኑ ጋር እንደተገናኘ ከበረረ ምንም ነገር አያቀልም። አዲስ ሞዴል ሲከፈትበት ኤይለሮኑም (በክንፉ ላይ ያለው ማጋደያ) ኤሌቬተሩም (አፍንጫውን ማንሻና ማውረጃ) ራደሩም (አፍንጫውን ወደ ግራና ቀኝ ማዞሪያ) 100% እንቅስቃሴና ዜሮ ኤክስፖ (የስቲኩን መሀል ማለዘቢያ) ይዘው ይመጣሉ። ይህ ማለት ስቲኩ በጣት ትንሽ በተነካ ቁጥር አውሮፕላኑ ይዘላል ማለት ነው። ጀማሪው «አውሮፕላኑ አስቸጋሪ ነው» ብሎ ተስፋ የሚቆርጠው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ይህ ግምገማ የሪሞቱን ቀለምና ቅርጽ ብዙም አያነሳም። ጥያቄው በውስጡ ያለው ኤጅቲኤክስ የተባለ ሶፍትዌር ለማለማመጃ አውሮፕላን ምን ያህል ይጠቅማል፣ የትኛው ማስተካከያ ምን ይሠራል፣ የትኛውስ ወጥመድ ነው የሚለው ነው።

ዕቃውን በአጭሩ፦ ባለ 4.3 ኢንች ባለቀለም ስክሪን አለው። ስቲኮቹ በማግኔት ዳሳሽ የሚሠሩ በመሆናቸው እንደ ድሮዎቹ በመፋተግ አያልቁም፣ መሀላቸውም ከጊዜ ጋር አይዋዥቅም። ይህ ለኤክስፖ ወሳኝ ነው፤ መሀሉን የማያውቅ ስቲክ ላይ ኤክስፖ መጨመር ትርጉም የለውም። ሪሞቱ 16 ቻነል (የትእዛዝ መስመር) ማስተናገድ ይችላል፣ ባለ ሦስት ደረጃ ስዊቾቹ በቂ ናቸው፣ «ኤስኤፍ» ባለ ሁለት ደረጃ ነው፣ «ኤስኤች» ደግሞ ሲጫኑት ብቻ የሚሠራና ሲለቁት የሚመለስ ነው። ባትሪ ለብቻ ይገዛል፤ ሁለት 18650 ሊቲየም ሴሎች ወይም ባለ ሁለት ሴል ጥቅል ይወስዳል።

ወደ ሜኑ ከመግባት በፊት ሁለት ነገር መስተካከል አለበት፤ ሪሞቱ የማይደርስባቸው ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው የክብደት ማዕከል ነው። ለተለመደው ባለ ላይ ክንፍ ማለማመጃ ከክንፉ የፊት ጠርዝ ጀምሮ የክንፉን ስፋት ከ25% እስከ 30% ባለው ቦታ ላይ ሁለት ጣት አስቀምጣችሁ ስታነሱት አፍንጫው በትንሹ ወደ ታች ቢያዘነብል ደህና ነው። ክብደቱ ወደ ጭራ ያደላ አውሮፕላን ኤሌቬተሩ እጅግ ቁጡ ይሆናል። ብዙዎች ታዲያ ይህን ቁጣ በኤክስፖ ለማብረድ ይሞክራሉ። መሀሉ ላይ ይበርዳል፤ ፍጥነት ሲቀንስና ስቲኩ ርቆ ሲሳብ ግን ያው ቁጡ አውሮፕላን ተመልሶ ይመጣል፣ ያውም መሬት አጠገብ። የክብደት ማዕከል ችግር የሚፈታው ባትሪውን ወደፊት በመግፋት ነው።

ሁለተኛው የሰርቮው (ኤይለሮኑንና ሌሎቹን የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር) ክንድና ከሱ የሚወጣው ሽቦ አገጣጠም ነው። ሪሞቱን አብሩ፣ ትሪሞቹን (የስቲኩን መሀል በጥቂቱ የሚያዛውሩትን ቁልፎች) ሁሉ መሀል አድርጉ፣ የሰርቮውን ክንድ ነቅላችሁ ከሽቦው ጋር 90 ዲግሪ እንዲሠራ አድርጋችሁ መልሱት። ጥርሱ በትክክል ካልገጠመና ጥቂት ከቀረ ያንን ብቻ በ«አውትፑትስ» ገጽ ላይ ባለው ሰብትሪም ሙሉት። ሰብትሪሙ ከ10% በላይ ከሄደ ሽቦውን አርዝሙ ወይም አሳጥሩ እንጂ ሪሞቱን አታስገድዱት። ክንዱ ከመሀል ርቆ ከተነሳ ወደ አንድ ወገን ብዙ፣ ወደ ሌላው ጥቂት ይሄዳልና አውሮፕላኑ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እኩል አይመልስም።

የእንቅስቃሴውን መጠንም መጀመሪያ በሽቦው ቀዳዳ ነው መወሰን። ክንፉ ከ1.2 እስከ 1.5 ሜትር ለሚሆን ማለማመጃ ጥሩ መነሻ የሚሆነው ከፍተኛው እንቅስቃሴ፣ ከኋላ ጠርዝ ላይ በማስመሪያ ሲለካ፣ ኤሌቬተር ወደ ላይም ወደ ታችም 12 ሚሊ ሜትር፣ ኤይለሮን ወደ ላይ 12 ወደ ታች 8፣ ራደር በየጎኑ 20 ነው። ፋብሪካው የሰጠው መለኪያ ካለ እሱ ይቅደም። ይህን ለማግኘት በ«አውትፑትስ» ላይ ወሰኑን ከ100 ወደ 50 ማውረድ ካስፈለጋችሁ ሽቦው ያለቦታው ነው ማለት ነው። ሰርቮው ግማሹን እንቅስቃሴውን ብቻ ሲጠቀም የማርሽ ልቅነቱ ከእንቅስቃሴው አንጻር እጥፍ ሆኖ ይታያል፣ ጉልበቱም ይባክናል። ሽቦውን በሰርቮው ክንድ ላይ ወደ ውስጠኛው ቀዳዳ፣ በኤሌቬተሩ ቀንድ (ሽቦው በሌላው ጫፍ የሚያያዝበት) ላይ ደግሞ ወደ ውጭኛው ቀዳዳ አዛውሩትና ወሰኑን ወደ 100 አካባቢ መልሱት።

ኤጅቲኤክስ ሥራውን በሦስት ገጽ ይከፍለዋል፤ ይህን ክፍፍል የተረዳ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል። «ኢንፑትስ» የእጅን እንቅስቃሴ ያለዝባል፤ ዱዋል ሬት (በስዊች የሚቀያየር የእንቅስቃሴ መጠን) እና ኤክስፖ እዚያ ናቸው። «ሚክሰስ» የትኛው እንቅስቃሴ ወደ የትኛው ቻነል እንደሚሄድና ምን ከምን ጋር እንደሚደባለቅ ይወስናል። «አውትፑትስ» ሰርቮውን ከአውሮፕላኑ አካል ጋር ያስማማል፤ አቅጣጫ መገልበጥ፣ ሰብትሪምና ወሰን እዚያ ናቸው። ሬትን በ«አውትፑትስ»፣ የሰርቮ አቅጣጫን በ«ሚክሰስ» ማስተካከል ለጊዜው ይሠራል፤ ሚክስ ሲጨመርበት ግን ሁሉም ይደበላለቃል።

አሁን ወደ ዋናው። ኤክስፖ የስቲኩን መሀል ያለዝባል እንጂ የመጨረሻውን እንቅስቃሴ አይቀንስም። ኤጅቲኤክስ የሚጠቀመው ስሌት ቀላል ነው፤ የስቲኩ እንቅስቃሴ ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ከቀጥተኛው እንቅስቃሴ ጋር በኤክስፖው መጠን ይደባለቃል። 30% ኤክስፖ ላይ ስቲኩ ግማሽ ሲሄድ ኤሌቬተሩ የሚሄደው 39% ገደማ ብቻ ነው፤ መሀሉ ላይ ያለው ስሜትም ከመጀመሪያው 70% ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ግሩም ነው። ግን መሀል ላይ የተቀነሰው ጫፍ ላይ ተጠራቅሞ ይከፈላል፤ በ30% ኤክስፖ የስቲኩ ጫፍ አካባቢ ምላሹ ከተራው 1.6 እጥፍ ይፈጥናል። 60% ካደረጋችሁት መሀሉ 40% ሲሆን ጫፉ 2.2 እጥፍ ነው፤ ማለትም ጫፉ ከመሀሉ አምስት ተኩል ጊዜ ይቆጣል። አብራሪው መሀል ላይ «ምንም አልሰማ አለኝ» ብሎ ይጨምራል፣ ይጨምራል፣ ድንገት አውሮፕላኑ ይገለበጣል። ለማለማመጃ አውሮፕላን ከ40% በላይ ኤክስፖ አያስፈልግም።

አንድ ነገር አደራ፦ በኤጅቲኤክስ የሚያለዝበው ኤክስፖ ከፊቱ የመደመር ምልክት ያለው ነው። በፉታባ ሪሞቶች ግን የሚያለዝበው የመቀነስ ምልክት ያለው ነው። ከሌላ ሪሞት ቁጥር የሚገለብጥ ሰው ምልክቱን ከተሳሳተ አውሮፕላኑ መሀል ላይ እጅግ ቁጡ ይሆንበታል። ማረጋገጫው ስክሪኑ ላይ ነው፤ የሚሳለው መስመር መሀሉ ላይ ጋደም፣ ጫፎቹ ላይ ቀና ማለት አለበት።

ዱዋል ሬት ደግሞ ሙሉውን እንቅስቃሴ ይቀንሳል፣ በስዊችም ይቀያየራል። ብዙ ሰው ለዝቅተኛው ሬት ትልቅ ኤክስፖ፣ ለከፍተኛው ትንሽ ይሰጣል፤ ወይም ለሁሉም አንድ ዓይነት። ሁለቱም ስዊቹ ሲቀየር የስቲኩን ስሜት ድንገት ይለውጡታል። የሚሻለው መሀሉ በሁሉም ሬት አንድ ዓይነት ስሜት እንዲኖረው ማድረግ ነው፤ የሚለየው ጫፉ ብቻ ይሁን። መንገዱ ቀላል ነው፦ ሬቱን ከ100 ላይ ኤክስፖው ተቀንሶ በቀረው አባዙት፤ ውጤቱ በሦስቱም ደረጃ ይቀራረብ። 100% ሬት በ40 ኤክስፖ፣ 85% በ30፣ 70% በ15 ብታስገቡ የሦስቱም መሀል 60% ገደማ ይሆናል። በረራ ላይ ስዊቹን ስትቀይሩ አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ እየበረረ ከሆነ ለውጡ ጨርሶ አይሰማችሁም፤ የሚሰማው ስቲኩን ርቃችሁ ስትወስዱት ነው። ለኤሌቬተርና ለኤይለሮን እነዚህ ቁጥሮች ጥሩ መነሻ ናቸው። ራደር ሬት አያሻውም፤ 25% ኤክስፖ ይበቃዋል።

ሬቱን ከ60% በታች ማውረድ ደግሞ ገርነት ሳይሆን አደጋ ነው። አውሮፕላኑ ለማረፍ ሲዘገይ በኤሌቬተሩ ላይ የሚያልፈው አየር ይቀንሳል፤ ያኔ በሙሉ ፍጥነት የበቃው 6 ሚሊ ሜትር አፍንጫውን ለማንሳት አይበቃም፤ አውሮፕላኑም በፊት ጎማው መሬት ይመታል። ነፋስ ያለበት ቀን ላይም ኤይለሮኑ ከሽው ባይ ነፋስ የሚታደግ አቅም ሊኖረው ይገባል። ለማረፍ ከፍተኛውን ወይም መካከለኛውን ሬት ተጠቀሙ፤ ዝቅተኛው የሚመቸው በፍጥነት ለመብረር ነው። ይህ ከሚገመተው ተቃራኒ ስለሚመስል ነው ደግሜ የማሳስበው።

አሠራሩ፦ «ኢንፑትስ» ላይ ኤሌቬተሩን ከፍታችሁ ሦስት መስመር አድርጉ። የመጀመሪያው ክብደት (ሜኑው «ዌይት» የሚለው የሬቱ መጠን) 70፣ ኤክስፖ 15፣ ስዊች «ኤስኤ» ወደ ታች። ሁለተኛው 85 እና 30፣ «ኤስኤ» መሀል። ሦስተኛው 100 እና 40፣ ስዊች የሌለው። እዚህ ኤጅቲኤክስ የሚታወቅባቸው ሁለት ወጥመዶች አሉ። ሶፍትዌሩ መስመሮቹን ከላይ ወደ ታች አንብቦ መጀመሪያ የሚሠራውን ያገኘውን ብቻ ይወስዳል። ስዊች የሌለውን መስመር ከላይ ካስቀመጣችሁት ከሥሩ ያሉት በፍጹም አይሠሩም፤ ስዊቹን ብትቀያይሩም ለውጥ የለም። የባሰው ሁለተኛው ነው፦ ለላይና ለታች መስመር ሠርታችሁ የስዊቹን መሀል ከረሳችሁት፣ ስዊቹ መሀል ላይ ሲሆን ምንም የሚሠራ መስመር የለምና ኤሌቬተሩ ዜሮ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በረራ ላይ ኤሌቬተር የለም ማለት ነው። የመጨረሻውን መስመር ያለስዊች መተው ይህን ጨርሶ ይከላከላል። ከጨረሳችሁ በኋላ እያንዳንዱን ስዊች በየደረጃው አቁማችሁ ስቲኮቹን አዙሩና የቻነል መመልከቻውን እዩ።

ባለ ላይ ክንፍ አውሮፕላን ሲዞር አፍንጫው ወደ መታጠፊያው ሳይሆን ወደ ተቃራኒው ሲያፈነግጥ ካያችሁ፣ ምክንያቱ ወደ ታች የወረደው ኤይለሮን በዚያ በኩል ያለውን ክንፍ ወደኋላ ስለሚጎትተው ነው። መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንደኛው ወደ ታች የሚወርደውን ማሳነስ ነው፤ ለዚህ ሁለቱ ኤይለሮኖች የየራሳቸው ሰርቮና ቻነል ሊኖራቸው ይገባል። «ሚክሰስ» ላይ በየኤይለሮኑ መስመር የከርቩን ዓይነት «ዲፍ» አድርጉና ከ30 እስከ 40 ስጡት። ምልክቱ ከተሳሳተ ችግሩ በእጥፍ ይባባሳል፤ ስለዚህ በዓይን አረጋግጡ፦ ስቲኩን ወደ ቀኝ ስታደርጉ የቀኙ ኤይለሮን ብዙ ወደ ላይ፣ የግራው ጥቂት ወደ ታች መሄድ አለበት። ሁለተኛው ራደሩን ከኤይለሮን ጋር ማደባለቅ ነው። በራደሩ ቻነል ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፤ ምንጩ የኤይለሮን ኢንፑት ይሁን፣ ስቲኩ ራሱ አይሁን፤ ኢንፑት ከሆነ ሬቱንና ኤክስፖውን ይከተላል። ክብደቱ 20% ይበቃል። ከራሱ ስዊች ጋርም አያይዙት። የፊት ጎማው ከራደር ጋር አንድ ላይ በሚዞር አውሮፕላን ይህ ሚክስ መሬት ላይ ሲነዳ ጎማውን ከኤይለሮን ጋር ያወዛውዘዋል፤ ከጎን በሚመጣ ነፋስ ሲያርፉም ራደሩን ለብቻው ማዘዝ ያስፈልጋል። ስለዚህ ለመነሳትና ለማረፍ ይዘጋ።

ኤክስፕረስኤልአርኤስ (አንድ ዓይነት የሬዲዮ ማስተላለፊያ ሥርዓት) የተገጠመለትን ዓይነት ለሚገዙ ደግሞ አንድ ትልቅ ማስጠንቀቂያ አለ። ብዙ ሰው በልማድ ሁለተኛውን ኤይለሮን ወይም ፍላፑን (ለማረፍ የሚወርደውን የክንፍ ክፍል) 5ኛ ቻነል ላይ ያደርጋል። በዚህ ሥርዓት በተለመዱት አሠራሮች 5ኛው ቻነል ሁለት ደረጃ ብቻ ነው የሚያስተላልፈው፤ ክፍትና ዝግ። ሰርቮው ወይ ሙሉ ወደ ላይ ወይ ሙሉ ወደ ታች ይዘላል፤ መሀል የሚባል አያውቅም። ሰርቮ ተበላሽቷል፣ ሪሲቨር (በአውሮፕላኑ ውስጥ ያለው ሲግናል ተቀባይ) ተበላሽቷል እየተባለ የሚቀየረው በከንቱ ነው። ሁለተኛውን ኤይለሮን 6ኛ ወይም ከዚያ በላይ ላይ አድርጉት። 6ኛውና ከሱ በላይ ያሉትም ለኤይለሮን የሚበቃ ጥራት የሚኖራቸው በሞጁሉ ሜኑ ላይ የስዊች ዓይነቱ «ዋይድ» ሲሆን ወይም ሙሉ ጥራት ያለው የ8 ቻነል አሠራር ሲመረጥ ነው። «ሃይብሪድ» ላይ ከተተወ አብዛኞቹ ስድስት ደረጃ ብቻ ነው ያላቸው። ለፍላፕ ይበቃል፤ ለኤይለሮን አይበቃም።

ስሮትሉን (የሞተሩን ጉልበት የሚወስነውን) በተመለከተ፣ የኤሌክትሪክ ሞተር ባለው ማለማመጃ ላይ ብዙው በረራ የሚካሄደው በስቲኩ መሀል አካባቢ ነው፤ ለማረፍ ሲጠጋም የሚያስፈልገው በጣት ጥቂት ከፍ ዝቅ ማድረግ ነው። ባለ አምስት ነጥብ ከርቭ ሠርታችሁ −100፣ −40፣ −5፣ 30፣ 100 ብታስገቡ መሀሉ ይለዝባል፣ ሙሉ ጉልበቱም ሳይነካ ይቀራል። የመጀመሪያው ነጥብ −100 ላይ መቆየት አለበት፤ ከፍ ካለ የሞተሩ መቆጣጠሪያ ስሮትሉ ክፍት ነው ብሎ እየጮኸ አይነሳም። ጀማሪ እንዳይፈጥን ተብሎ የላይኛውን ወሰን ወደ 70 ማውረድ ግን አልመክርም። ማረፊያው ሲበላሽ ተመልሶ ለመውጣት ያ የቀረው 30% ነው የሚያድነው።

ስሮትል መቁረጫ (ሞተሩ ሳይታሰብ እንዳይዞር የሚያግደው) ከዚህ ሁሉ በፊት ሊሠራ የሚገባው ነው። ቀላሉ መንገድ በ«ስፔሻል ፈንክሽንስ» ላይ የስሮትሉን ቻነል በ«ኤስኤፍ» አስገድዶ −100 ላይ ማቆም ነው። ይህ ግን ቀዳዳ አለው፤ ስሮትሉ ወደ ላይ ሆኖ ሳለ ስዊቹ ቢከፈት ፕሮፔለሩ ወዲያው በሙሉ ኃይል ይዞራል። የሚሻለው ስቲኩ ታች ካልሆነ በቀር የማይከፈት ቁልፍ ነው። «ሎጂካል ስዊችስ» ላይ «ኤል01» የስሮትል ስቲክ ከ−98 ሲያንስ የሚበራ ይሁን፣ ከ«ኤስኤፍ» ክፍት ጋርም ይጣመር። «ኤል02» ዓይነቱ «ስቲኪ» ይሁን፤ የሚያበራው «ኤል01»፣ የሚያጠፋው «ኤስኤፍ» ዝግ። ከዚያ የማስገደጃው መስመር «ኤል02» ባልበራ ጊዜ ሁሉ እንዲሠራ አድርጉ፣ መስመሩን የሚያሠራውን ሳጥንም ምልክት ማድረግ አትርሱ፤ ካልተመረጠ መስመሩ ተጽፎም አይሠራም። የሚሞከረው ፕሮፔለሩ ወልቆ ነው፤ በተለይ የስሮትሉ ቻነል በ«አውትፑትስ» ተገልብጦ ከሆነ −100 ማለት ዝግ መሆኑን በቻነል መመልከቻው ላይ ሳታዩ አትመኑት።

ፍላፕ ላለው አውሮፕላን ቲኤክስ16ኤስ በእውነት የሚያስመሰግን ነው። ፍላፑን «ኤስሲ» ላይ አድርጉና በመስመሩ ላይ ባለው «ስሎው» ሁለቱንም አቅጣጫ 2 ሰከንድ ስጡት። በዝግታ ሲወርድ አውሮፕላኑ አይደነግጥም። ባለ ላይ ክንፍ አውሮፕላን ፍላፕ ሲወርድ አብዛኛውን ጊዜ አፍንጫውን አንስቶ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ስለዚህ ኤሌቬተሩ ጥቂት ወደ ታች ማካካስ አለበት። እዚህ የሚደረገው ስህተት «ኤስሲ»ን ራሱን የማካካሻው ምንጭ ማድረግ ነው፤ ፍላፑ ዝግ ሲሆንም ስዊቹ −100 ስለሚሰጥ ኤሌቬተሩ ከመሀል ይዛነፋል። ከዚያ ይልቅ ምንጩን «ማክስ» (ሁልጊዜ 100 የሚሰጠውን) አድርጋችሁ ሁለት መስመር ሥሩ፦ ለ«ኤስሲ» መሀል 4%፣ ለ«ኤስሲ» ታች 7%፣ ኤሌቬተሩን ወደ ታች በሚያወርደው ምልክት። «ስሎው»ውም እዚያው 2 ሰከንድ ይሁን፣ ሁለቱ አብረው ጀምረው አብረው እንዲጨርሱ። እውነተኛውን መጠን የሚወስነው አውሮፕላኑ ነው፤ ከፍ ብላችሁ፣ ፍጥነት ቀንሳችሁ፣ ፍላፑን አውርዱና አፍንጫው ወዴት እንደሚሄድ እዩ፤ ከማረፊያው ላይ አትሞክሩት።

ሲግናል ሲጠፋ የሚሆነውንም ሪሞቱ በራሱ አያስተካክልላችሁም። ባለ ብዙ ፕሮቶኮሉ (የተለያዩ ፋብሪካዎችን ሪሲቨሮች የሚያነጋግረው) ዓይነት ላይ በሞዴሉ ገጽ ወይም በሪሲቨሩ ቁልፍ፣ በኤክስፕረስኤልአርኤስ ላይ ደግሞ በሪሲቨሩ የዋይፋይ ገጽ ይወሰናል። ስሮትሉ መዘጋት አለበት። ፈተናው፦ ፕሮፔለሩን አውልቁ፣ ሞተሩን በጥቂቱ አስነሱ፣ ሪሞቱን አጥፉ። ሞተሩ ካልቆመ አውሮፕላኑ ለበረራ አልደረሰም።

ታይመሩን ተራ ሰዓት ከማድረግ በስሮትሉ መጠን እንዲቆጥር አድርጉት፤ ግማሽ ስሮትል ላይ በግማሽ ፍጥነት ይቆጥራልና የባትሪውን ፍጆታ በደንብ ይከተላል። በ5 ደቂቃ ጀምሩ፣ ካረፋችሁ በኋላ ባትሪ መሙያው መልሶ ያስገባውን መጠን እዩ። 2200 ሚሊ አምፒር ሰዓት ባትሪ ላይ ከ1650 በላይ እንዳይወጣ ታይመሩን ወደላይ ወይም ወደታች አስተካክሉ። ስዊች ሲቀየር የትኛው ሬት ላይ እንዳላችሁ በድምፅ እንዲናገር ማድረግ ይቻላል፤ ዓይንን ከአውሮፕላኑ ላይ ሳያነሱ ማወቅ ትልቅ እፎይታ ነው። ሲበራ የስሮትሉንና የስዊቾቹን ቦታ የሚፈትሸውን ማስጠንቀቂያም አታጥፉት፤ ሰልችቶት የሚያጠፋው ብዙ ነው።

በመጀመሪያው በረራ ትሪም የሚደረገው በግማሽ ስሮትል፣ ቀጥ ባለ በረራ ነው። ሶፍትዌሩ ስቲኩ ያለበትን ቦታ በአንድ ስዊች ወደ ትሪም የሚያዞር አገልግሎት አለው፤ ሁለተኛ ሰው ከሌለ ይጠቅማል፣ ነገር ግን ስዊቹን እንደነኩ ስቲኩን መልቀቅ ግድ ነው፤ ካልተለቀቀ ማስተካከያው በእጥፍ ይታዘዛል። ካረፋችሁ በኋላ በ«አውትፑትስ» ገጽ ላይ ትሪሞቹን ሁሉ ወደ ሰብትሪም የሚያዛውረውን ተጫኑ፣ ሰብትሪሙ የበዛበትን ደግሞ በሽቦው አስተካክሉ። ከዚያ ቀጥሎ ከፍታ ይዛችሁ ስሮትሉን ዘግታችሁ አውሮፕላኑን በ45 ዲግሪ ወደ ታች አስገቡና ስቲኩን ልቀቁ። በፍጥነት አፍንጫውን ካነሳ ከፊት ከብዷል፤ ይበልጥ ወደ ታች ከጠለቀ ከኋላ ከብዷልና ወዲያው አውጡት። ቀስ ብሎ ቀና ካለ ኤክስፖና ሬት ላይ መሥራት መጀመር ትችላላችሁ። ከዚያ በፊት የሚቀያየር ቁጥር ሁሉ ባዶ ድካም ነው።

ለሚያስተምር ሰው የማለማመጃው ገመድ መሰኪያ አለ። «ትሬነር» የሚለውን በ«ኤስኤች» ላይ አድርጉት፤ ተማሪው የሚያበረው አስተማሪው ቁልፉን ተጭኖ እስከያዘ ብቻ ነው፣ ጣቱን ሲያነሳ መሪው ወዲያው ወደሱ ይመለሳል። በተራ ስዊች ከተደረገ በድንጋጤ ጊዜ መፈለግ ይኖራል። የዩኤስቢ ገመድ ደግሞ ሪሞቱን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ ለሲሙሌተር ያገለግላል፤ ያው ሬትና ያው ኤክስፖ ስለሚተላለፍ እጅ የሚለምደው እውነተኛውን ስሜት ነው።

ጉድለቶቹም አሉ። ስክሪኑ ጠራራ ፀሐይ ላይ ለማንበብ ያስቸግራል፤ የቁጥር ማስተካከያ ቤት ወይም ጥላ ውስጥ ቢጠናቀቅ ይሻላል። የሜኑው ብዛት አዲስ ሰውን ያስፈራል፤ «ማለማመጃ አውሮፕላን» ብለው መርጠው ሁሉ ተስተካክሎ የሚያገኙበት ሪሞት የሚፈልጉ ሰዎች ይህ አይሆናቸውም። ሶፍትዌሩ ሲታደስ የሚሞሪ ካርዱ ይዘትም አብሮ ካልታደሰ ድምፆች ይጠፋሉ፣ ሲበራም ማስጠንቀቂያ ይወጣል፤ በበረራ ዋዜማ ማደስ አይገባም። ሞዴሎቹ የሚቀመጡት በዚያው ካርድ ላይ ስለሆነ ማስተካከያው ሲሠምር ካርዱን ወደ ኮምፒውተር ገልብጡ።

ከሁለቱ ዓይነቶች የትኛው? ቤት ውስጥ የፍሪስካይ፣ የፍላይስካይ፣ የፉታባ ወይም የስፔክትረም ሪሲቨሮች ያሉት ሰው ባለ ብዙ ፕሮቶኮሉን ይግዛ፤ ከነዚህ አብዛኞቹን ያነጋግራል። ከዜሮ የሚጀምር ሰው ኤክስፕረስኤልአርኤስ ያለውን ቢወስድ ሪሲቨሮቹ ትንንሽ ናቸው፣ ሲግናሉም ጠንካራ ነው። ባለ ሰርቮ መሰኪያ ሪሲቨር መሆኑን ግን ሲገዛ ያረጋግጥ፤ ለድሮን የተሠሩት ብዙዎቹ ሰርቮ የሚሰካባቸው ቦታ የላቸውም።